ሥዕል ከወረቀት ሲወጣ

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ከፊንላንድ አገር የመጡ አንዲት መምህርት ነበሩ። እኚህ ሴት በሚኖሩባት ትንሽ ቤት መስኮት ላይ አንድ መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር። በመጋረጃው ላይ የታተሙት ቀያይ አበቦች እያንዳንዳቸው የሰፌድ ያህል ስፋት ስለ ነበራቸው እኛ ተማሪዎቹ በዚያ በኩል ባለፍን ቍጥር እንስቅ ነበር። አበባ ማለት በእኛ አሳብ በትራስ ልብስ ጥግ ላይ በክር የሚጠለፍ፥ ትንሽና ዓይን አፋር ነገር ነበርና፥ የእርሳቸው አበባ የጠገበ መሰለን።

አንድ ቅዳሜ መምህርቲቱ መጋረጃውን አጥበው በገመድ ላይ ሲያሰጡት ጠጋ ብዬ ተመለከትሁትና በጨርቁ ዳር ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር አገኘሁ። ምን እንደሚል ብጠይቃቸው የሠዓሊዋ ስም፥ የሥዕሉ ስምና ሥዕሉ የተሠራበት ዓመት መሆኑን ነገሩኝ። ማይያ ኢሶላ፥ ኡኒኮ፥ 1964 ይላል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የእኛ ናቸው ብዬ ካላመለከትሁ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እኔም በጣም ተገረምሁ። መጽሐፍ ደራሲ እንዳለው አውቅ ነበር፤ ጨርቅ ግን ከገበያ የሚመጣ እንጂ ከሰው የሚመጣ አይመስለኝም ነበር።

መምህርቲቱም ሌላ ነገር ጨመሩልኝ። ልብስ ሰፊው ጨርቁን በሚሰፋበት ጊዜ ያንን ዳር ወይ ቈርጦ ይጥለዋል፥ ወይ አጥፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። «ስለዚህ ስሟን የሚያየው ልብሱን የሚያጥበው ሰው ብቻ ነው» ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ ነገሩ እንደ ጨዋታ አለፈ። አሁን ግን ስለ ሥዕል ሙያ ለወጣቶች አንድ ነገር ጻፍ ብባል ከዚያ ከተቈረጠው ዳር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከእኩዮችህ መካከል ሥዕልን ለመተዳደሪያ የሚመኙ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ። በዘመናችን ሠዓሊ ማለት ሸራ ወጥሮ ባለጸጋ ገዢ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብቻ አይደለም። ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል ይሠራል፤ ያንኑ ሥዕል ወይም ወንድሙን ለመጋረጃ፥ ለቀሚስ፥ ለስኒ፥ ለትሪ፥ ለሰላምታ ካርድ ያዘጋጃል። ይህም ሙያ ከቶ አዲስ አይደለም። በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ፥ በሸማ ጥበብ ላይ የሚወርደውን መስቀልና በአንጥረኛ እጅ የሚቀረጸውን መስቀል አስተያይቶ የተመለከተ ሰው፥ አንድ ቅርጽ ከብራና ወደ ክር፥ ከክር ወደ ብር ሲሻገር እንደ ኖረ ይረዳል። የዛሬው ልዩነት ፍጥነቱና ብዛቱ ነው። አንድ ሥዕል ዛሬ ተሥሎ ነገ በሺህ ስኒ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሥዕልም ከወረቀት ወጥቶ ዕቃ በሚሆንበት ጊዜ ቅርጹ እንደ ዕቃው ይለወጣል፤ የሠሪው ስም ደግሞ በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ይቀራል። እኔ ሥራዎችን ስመዝን የምመለከተው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የመጋረጃውን ጨርቅ ያተመው ማሪሜኮ የሚባለው ድርጅት በ1951 በሄልሲንኪ ከተማ አርሚ ራትያ በምትባል ሴትና በባሏ ተቋቋመ። ይህች ሴት ወጣት ሠዓሊዎችን እየሰበሰበች ለጨርቅ እንዲሥሉ ታደርግ ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ፥ አበባ በሜዳ ላይ ከነሕይወቱ እያለ በጨርቅ ላይ መሣሉ ከንቱ ነው ብላ ድርጅቷ የአበባ ሥዕል እንደማያትም አስታወቀች። ማይያ ኢሶላ ግን አበባ ሣለች። ከሣለቻቸውም አንዱ ኡኒኮ ነው፤ ትርጕሙ የዱር ቀይ አበባ ዓይነት ነው። አሠሪዋም እልከኛ ብትሆንም ማየት የምትችል ሰው ነበረችና ተቀበለችው። አበባው እንዲያ የጠገበ መስሎ የታየን ምናልባት በቍጣ የተወለደ ስለሆነ ይሆናል። አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁትም ይኸው ነው፤ ሠዓሊዋ የሜዳውን አበባ ልትመስል አልሞከረችም። ጥላ የለውም፥ ቅጠሉ አይቈጠርም፥ ነፋስ አይነካውም። ጨርቅ መሆኑን አውቆ የተሣለ አበባ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር፤ ይህን ሳያውቁ መፍረድ አይገባምና። ለኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ወንፊት የመሰለ ክፈፍ ይዘጋጃል፤ ቀለሙ በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ያልፋል። ሦስት ቀለም ያለው ሥዕል ሦስት ክፈፍ ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ጨርቁ ረጅም ስለ ሆነ ሥዕሉ እየተደጋገመ ይወርዳል፤ ስለዚህ የሥዕሉ ታች ከላዩ ጋራ፥ ግራውም ከቀኙ ጋራ ስፌቱ ሳይታወቅ መግጠም አለበት። ሥዕል አዋቂ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ማድረግ አይችልም። በወረቀት ላይ ያማረች ወፍ መቶ ጊዜ ስትደጋገም መንጋ ሳትሆን ወረርሽኝ ልትሆን ትችላለች።

ኡኒኮም ከዚህ ዕጣ ፈጽሞ አላመለጠም። ዛሬ በጃንጥላ፥ በቦርሳ፥ በኩባያ፥ በአልጋ ልብስ፥ ከ2012 ጀምሮም በአውሮፕላን አካል ላይ ታይቷል። በስኒ ላይ ያለውን አይቼዋለሁ፤ ያ የሰፌድ ያህል የነበረው አበባ ጠቦ የሎሚ ያህል ሆኗል። በመጋረጃው ላይ ያስቀን የነበረው ድፍረት ግን በስኒው ላይ የለም። ማይያ ኢሶላ በ2001 ከዚህ ዓለም ተለይታለች፤ ቀለሙን እየለዋወጡ ያሳተሙት ሌሎች ናቸው። አንድን ሥዕል በሁሉም ነገር ላይ መለጠፍ ሥዕሉን ማክበር የሚመስላቸው ነጋዴዎች አሉ፤ እኔ ግን አንድን መዝሙር ጧትና ማታ በድምፅ ማጕያ ከሚያሰማ ጎረቤት ለይቼ አላያቸውም።

ይህን ካልሁ በኋላ ነገሩን በትክክል ስለሚሠራ ሰው መናገር ደስ ይለኛል። ማይያ ሎዌካሪ ከዚያው ድርጅት ጋራ የምትሠራ የአሁን ዘመን ሠዓሊ ናት። በ2003 ለወጣት ነዳፊዎች በተደረገ ውድድር አሸንፋ ወደ ሙያው ገባች። በ2009 ደግሞ ኦይቫ ለሚባል የገበታ ዕቃ፥ ይኸውም ለሳሕንና ለስኒ፥ ሁለት ንድፎች አወጣች። አንደኛው ሲርቶላፑታርሃ ይባላል። በፊንላንድ ከተሞች ጓሮ የሌላቸው ሰዎች በከተማው ዳር ትንሽ ትንሽ መሬት እየተከራዩ አትክልት ይተክላሉ፤ በመሬቷም ላይ የአሻንጕሊት የምትመስል ጎጆ ይሠራሉ። የንድፉ ስም ያንን ቦታ የሚያመለክት ነው። በሥዕሉም ውስጥ አበባና አትክልቱ ገዝፎ፥ ቤቱ አንሶ ይታያል። መስመሩ ጥቍርና ፈጣን ነው፤ ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ ላይ መምህሩን ሳይሰማ የሚሥለውን ሥዕል ይመስላል። (እንዲህ ያለውን ደብተር ስንት ጊዜ ቀምቻለሁ!)

ሁለተኛው ንድፍ ሬሲማቶ ነው፤ ከቡትቶ የተሠራ ምንጣፍ ማለት ነው። እርሱ ነጭ መሬት ላይ የተደረደረ ጥቍር ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቦቹ ግን እኩል ስላልሆኑ፥ በእጅ የተሠሩ መሆናቸውም ስለሚታወቅ፥ ዓይን አይሰለቻቸውም። ሁለቱ ንድፎች አንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ አንዱ ይናገራል፥ ሌላው ያዳምጣል። ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በሥዕል ያጨናንቁና እንግዳ ምግቡን የት እንደሚያገኘው ይቸገራል።

በተለይ ያስደሰተኝ ግን ሎዌካሪ የአትክልቱን ሥዕል ለስኒ ስታዘጋጅ እንዳለ አሳንሳ አለመለጠፏ ነው። በስኒው ላይ የሚታየው የአትክልቱ አንድ ቍራጭ ነው፤ ቀሪው ከስኒው ውጭ እንዳለ ይሰማናል። ጨርቁ ግን ሰፊ ስለ ሆነ ሙሉውን መንደር ይይዛል። አንድ እጅ ለሁለት ዕቃ ሁለት ጊዜ አሰበች ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዕቃው ምን ሊሸከም እንደሚችል መጠየቅ ለዕቃውም፥ ለሥዕሉም፥ ለሚጠጣውም ሰው አክብሮት ነው።

ሳና አኑካን በተመለከተ ፍርዴ የተከፈለ ነው። እናቷ የፊንላንድ፥ አባቷ የእንግሊዝ ተወላጆች ናቸው፤ የልጅነቷንም በጋ በሰሜን ፊንላንድ ዱር አጠገብ ታሳልፍ ነበር። በ2006 ለአንድ የእንግሊዝ ሙዚቃ ቡድን የዘፈን አልበም ሽፋን በመሥራት ታወቀች፤ በኋላም ለማሪሜኮ ጨርቆች ነደፈች። ከእነርሱ አንዱ ካንተሌን ኩትሱ የሚባለው ነው፤ ካንተሌ እንደ ክራር ያለ የፊንላንድ የአውታር መሣሪያ ነው። ወፎችንም በእንጨት ቅርጽ ትሠራለች። መስመሯ በማስመሪያ የተለካ ያህል ንጹሕ ነው፤ ወፏን ወደ ሦስት ማዕዘን፥ ዛፉን ወደ ጦር ትለውጠዋለች። በጨርቅና በእንጨት ላይ ይህ ፍጹም ይስማማል።

በ2012 ግን የአንደርሰንን የጥድ ዛፍ ተረት በሥዕል አሳምራ አሳተመች። ተረቱ ባለው የማይረካ፥ ለማደግ ሲቸኵል ዘመኑ ያለፈበት ዛፍ ታሪክ ነው፤ በመጨረሻ ተቈርጦ፥ ለአንድ ሌሊት አጊጦ፥ ከዚያ በኋላ ይነዳል። መጽሐፉ ለዓይን ሠርግ ነው። ቢሆንም ተረቱ ወደ ኀዘን ሲወርድ ጌጡ አብሮት አይወርድም፤ መስመሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሰላም አለው። ጨርቅ ታሪክ የለውም፥ ጧትም ማታም ያው ነው፤ መጽሐፍ ግን ገጽ ሲገለጥ ጊዜ ያልፋል። ከወረቀት ወደ ጨርቅ መሄድ አስቸጋሪ እንደ ሆነ ሁሉ ከጨርቅ ወደ ወረቀት መመለስም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። ይህን ስል ሥራዋን ለማሳነስ አይደለም፤ መጽሐፉን ለልጅ ልጄ ለማንበብ ሁለት ጊዜ ተውሼዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። በ2007 ክሪስቲና ኢሶላ ሜትሴንቬኪ የሚባል ንድፍ ለማሪሜኮ ሠራች፤ የደን ሕዝብ ማለት ነው። ክሪስቲና የማይያ ኢሶላ ልጅ ናት፤ በእናቷ ሥር ሙያውን ተምራ፥ ከእናቷም ጋራ ሠርታለች። ንድፉ ተወደደ፤ የፊንላንድ አየር መንገድ ፊንኤርም ኤርባስ ኤ330 በሚባል ትልቅ አውሮፕላን አካል ላይ አስቀባው። በግንቦት ወር 2013 አካባቢ ግን ሄልሲንጊን ሳኖማት የተባለው ጋዜጣ አንድ ነገር ገለጠ። ያ ደን የክሪስቲና ኢሶላ ደን አልነበረም። ማሪያ ፕሪማቼንኮ የተባለች የዩክሬን ሠዓሊ በ1963 ከሣለችው፥ መንገደኛይቱ አይጥ ከሚባለው ሥዕል የተገለበጠ ነበር።

ማሪያ ፕሪማቼንኮ ማን ናት? በ1909 ከኪየቭ ከተማ ወዲያ ባለች ቦሎትኒያ በምትባል መንደር ተወለደች። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሯ ተጎዳ። ከእናቷ የጥልፍ ሥራ ተምራ፥ አብዛኛውን ዘመኗን በዚያችው መንደር አራዊትንና አበባን ሣለች። አራዊቷ በምድር ላይ የሌሉ ናቸው፤ አንዳንዱ አንበሳ የሰው ዓይን አለው፥ አንዳንዱም የጓሮ አበባ የለበሰ ይመስላል። ጥልፍ ያየ ሰው ወዲያው ያውቃታል፤ ቀለሙን እንደ ክር ጎን ለጎን ትደረድረዋለች እንጂ አታቀላቅለውም። እርሷም እንግዲህ ከጨርቅ ወደ ወረቀት የተሻገረች ሰው ናት። በ1937 ሥራዋ በፓሪስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ ታየ። ብዙውን ሥዕሏን ግን ለሰው በስጦታ ትሰጥ ነበር። በ1997 ሞተች። በ2022 የካቲት ወር ጦርነት በመጣ ጊዜ፥ በኢቫንኪቭ ከተማ ሥራዎቿ ይገኙበት የነበረው ትንሽ ሙዚየም ተቃጠለ፤ ጥቂቶቹን የአገሩ ሰዎች ወደ እሳቱ ገብተው አወጧቸው።

ክሪስቲና ኢሶላ መገልበጧን አምና ይቅርታ ጠየቀች። ድርጅቱም አፈረ፤ አየር መንገዱም ሥዕሉን ከአውሮፕላኑ ላይ አስወገደ። ሰውየዋን ዳግም ለመውቀስ አልጽፍም፤ ያመነና ይቅርታ የጠየቀ ሰው ከብዙዎቻችን ይሻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ የጨርቅ ዳር ነው። እናቷ ስሟን ታስጽፍበት በነበረው ዳር ላይ አሁን ውሸት ተጻፈ። ልብስ ሰፊው ቈርጦ የሚጥለው ዳር ባዶ ቢሆን ኖሮ፥ ጥፋቱ ዝም ማለት ይሆን ነበር፤ ስም ሲጻፍበት ግን የሐሰት ምስክርነት ሆነ። ደግሞም አስብ፤ የተገለበጠችው ሴት ሞታለች፥ መንደሯ ሩቅ ነው፥ ዘመዶቿ የፊንላንድን መጋረጃ የሚያዩበት ምክንያት የለም። ሌብነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማን ያያል ከሚል አሳብ ነው። እግዚአብሔር ያያል ብለን ለልጆች እናስተምር ነበር፤ በዚህ ጊዜ ያየው ግን የጋዜጣ አንባቢ ሆነ።

«ሁሉም ይገለብጣል፤ ያልገለበጠ ማን አለ?» የሚል ወጣት ይኖራል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የእኛ ጸሐፊዎች ብራና ሲማሩ የመምህራቸውን እጅ አጣጣል እየመሰሉ ነው፤ ሐረግም የሚማረው ከቀድሞው ሐረግ እየቀዳ ነው። ይህ መገልበጥ ውለታን ያውቃል፤ ተማሪው የማን ደቀ መዝሙር መሆኑን ሲናገር ይኰራል እንጂ አይደብቅም። በመጽሐፉ መጨረሻም ለጸሐፊውና ላስጻፈው ጸሎት ይለመናል። ነገር ግን በዚያው በብራናው ዓለም ሌላ ልማድ ነበር። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቀድሞው ባለቤት ስም በምላጭ ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው። የተፋቀው ቦታ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ጣት ቢያልፍበት ያውቀዋል። የመጀመሪያው ልማድና ሁለተኛው ልማድ በአንድ ቆዳ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ «ሁሉም ይገለብጣል» የሚለው ሰው፥ ስሙን ጠብቆ ነው ወይስ ፍቆ ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ነገሩ የፊንላንድ ብቻ እንዳይመስልህ። በገበያችን የሸማ ጥበብ ንድፍ በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ከውጭ አገር እየመጣ ይሸጣል። በሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ክር ቈጥሮ ብዙ ቀን የሚደክምበትን ጥለት መኪናው በጥቂት ደቂቃ ያትመዋል። ስለዚህ ነገር የሚያማርር ሰው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አብሮ የሚያሳፍር ነገር አለ። ያንን ጥለት ማን አወጣው ብንባል ስም መጥራት የምንችለው ስንቶቻችን ነን? አባቶቻችን ሸማኔውን ቍጢት በጣሽ እያሉ ይሰድቡት ነበር፤ የሠራውን ግን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱበት ነበር። የባዕድ ፋብሪካ ስሙን ፋቀው እንዳንል፥ እኛ ቀድሞውኑ አልጻፍነውም።

በየከተማችን ከስልክ ላይ ሥዕል አንሥቶ በቲሸርትና በኩባያ ላይ የሚያትም ወጣትም እንዲሁ ነው። ሥዕሉ በስልኩ ላይ ስለ ታየ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። አሁን ደግሞ ጥቂት ቃል ሲሰጡት ሥዕል የሚያወጣ የኮምፒዩተር መሣሪያ መጥቷል፤ መሣሪያው የማንን ሥዕል እየተመለከተ እንደ ተማረ ስም አይነግርህም። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የሚባል ሕግ በእኛ አቈጣጠር በዚያው ዓመት ወጥቷል። ሕጉ ከገንዘብ ጥቅም ሌላ፥ ሠሪው ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲነገርለት መብት ሰጥቷል። ሕግ መኖሩን ማወቅ መልካም ነው፤ ይሁንና ድሃ ሠሪ ጠበቃ ይዞ ሲሟገት በሕይወቴ ብዙ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እንደ ፈራጅ ተቀምጬ እንዳልመስልህ፥ የራሴን ልናዘዝ። በእኛ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. በአንድ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ጫጩቶቿን የምትመራ ቆቅ በእርሳስ ሣለ። ሥዕሉ በጣም ስላማረ በስቴንስል ባዘጋጀነው የንባብ ደብተር ሽፋን ላይ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ቆቋ ተወደደችና በስፖርት ቡድኑ ሹራብ ላይ ተጠለፈች፤ የትምህርት ቤቱ በዓል ሲከበር በኩባያ ላይ ታተመች፤ ቀጥሎም በበሩ ላይ ተሣለች። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነበርሁ። በታተመው ትንሽ መጽሔት ላይ «ሥዕሉ በኮሚቴው የተዘጋጀ» ብዬ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ክፋት አላሰብሁም፤ የልጁ ስም መጻፍ እንዳለበት ጨርሶ አልታየኝም። ልጁ በበዓሉ ቀን ያንን ሹራብ ለብሶ ከሰልፉ መካከል ቆሞ ነበር፤ እኔም ከመድረኩ ላይ አጨበጨብሁ።

ባለፈው ዓመት ከብዙ ዘመን በኋላ አገኘሁት። የሱቅ ሰሌዳ እየጻፈ ይተዳደራል፤ ፀጕሩ ሸብቷል። ቡና ጋበዘኝና በደሌን ነገርሁት፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስሙን ጽፌ ይቅርታ ልጠይቀው እንደምፈልግ አስረዳሁት። «ይተዉት ጋሼ፥ አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለና እንዳልጽፍ ለመነኝ፤ ስለዚህ አልጻፍሁም። ጥቂት ዝም ብለን ቈየን። ከዚያ ስኒውን አስቀምጦ፥ «ነገር ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ልጠይቅዎ እፈልግ ነበር» አለኝ። «ጠይቅ» አልሁት። «የእኔ ቆቅ ስድስት ጫጩት ነበራት። በኩባያው ላይ ሲያትሟት ሁለቱን ለምን አስቀሩብኝ?»

ምን እንደማለት አላወቅሁም። ቤቴ ስገባ ኩባያውን ከመደርደሪያው አውርጄ በመነጽር ቈጠርኋቸው። አራት ናቸው።